ፈተና በሕዝብ ፊት፦ ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የሙዚቃ ተማሪዎች የፈተና ኮንሰርት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን ስለ ፖላንዳዊው የቫዮሊን ተጫዋች ስለ ሄንሪክ ቪዬኒያፍስኪ ስንጽፍ፣ በ1846 ገና በ11 ዓመቱ ከፓሪስ ኮንሰርቫቶር (ከከተማዋ ከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት) አንደኛ ሽልማት ማግኘቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰን አልፈን ነበር። ያቺ ዓረፍተ ነገር ካሰብነው በላይ ጥያቄ አስከትላለች። ከደረሱን ደብዳቤዎች በሐሳብ የሚቀራረቡትን አጣምረን የዚህን ወር ዓምድ ለዚሁ ጉዳይ አውለነዋል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንደኛ ሽልማት ሲባል ከተማሪዎቹ ሁሉ አንደኛ ወጣ ማለት ነው? እንዲያ ከሆነ፣ በአንድ ዓመትና በአንድ መሣሪያ ሁለትና ሦስት ሰዎች አንደኛ ሽልማት አገኙ ተብሎ ተጽፎ ሳነብ ግራ እጋባለሁ። ደግሞስ የትምህርት ቤት ፈተና ለምን እንደ ኮንሰርት በሕዝብ ፊት ይካሄድ ነበር?

መልስ፦ ግራ መጋባትዎ ተገቢ ነው፤ ብዙ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎችም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የፓሪሱ አንደኛ ሽልማት የብቃት ደረጃ እንጂ የተራ ቁጥር አልነበረም። የዓመቱ ማብቂያ ውድድር «ኮንኩር» ይባል ነበር፤ ውጤቱም በዋነኛነት አንደኛ ሽልማት፣ ሁለተኛ ሽልማት፣ አንደኛ አክሴሲት እና ሁለተኛ አክሴሲት ተብሎ ይከፈላል። አክሴሲት ማለት ለሽልማት ባይደርስም ባዶ እጁን ሊመለስ ለማይገባው ተማሪ የሚሰጥ ምስጋና ነው። ዳኞቹ ለአንደኛ ሽልማት የሚበቃ ሰው ካላገኙ ማዕረጉ በዚያ ዓመት ለማንም ሳይሰጥ ይቀራል፤ ሦስት ወይም አራት የሚበቁ ካገኙ ደግሞ ለሁሉም ይሰጣሉ። በኋላ ዝነኛ የቫዮሊን ተጫዋች የሆነው ፍሪትዝ ክራይዝለር በ1887 በ12 ዓመቱ የቫዮሊን አንደኛ ሽልማት ሲቀበል፣ በዚያው ዕለት ያንኑ ማዕረግ ከእርሱ ጋር የተጋሩ ሌሎች ተማሪዎች ነበሩ።

አብዛኛው ተማሪ ደረጃውን የሚወጣው አንድ በአንድ፣ ከዓመት ዓመት እየተፈተነ ነው። ክሎድ ደቡሲ በ1872 በ10 ዓመቱ ገባ፤ በ1874 የሾፐንን ሁለተኛ የፒያኖ ኮንቼርቶ (አንድ መሣሪያ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ሥራ) ተጫውቶ ሁለተኛ አክሴሲት፣ በዓመቱ አንደኛ አክሴሲት፣ በ1877 ደግሞ ከሹማን ሶናታ የተወሰደ ክፍል ተጫውቶ ሁለተኛ ሽልማት አገኘ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ግን ምንም አላገኘም፤ ቤተሰቡ ልጃችን ታላቅ የፒያኖ ተጫዋች ይሆናል ብሎ የያዘው ተስፋም በዚያው ከሰመ። ዛሬ ስሙን የምናውቀው በሙዚቃ ደራሲነቱ ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት እነዚያ ሁለት ባዶ ዓመታት ለሙዚቃ ታሪክ ከማንኛውም ሽልማት የበለጠ ጠቅመዋል።

«ለምን በሕዝብ ፊት?» ለሚለው ጥያቄዎ መልሱ ከትምህርት ቤቱ አመሠራረት ይጀምራል። ኮንሰርቫቶሩ የተቋቋመው በ1795፣ በፈረንሳይ አብዮት መካከል ሲሆን፣ መሠረቱ ለብሔራዊው ዘብ ሙዚቀኞችን ያሠለጥን የነበረው ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ በፊት በፈረንሳይ ልጆች ሙዚቃ በብዛት የሚማሩት በቤተ ክርስቲያን የዘማሪዎች ትምህርት ቤት ሲሆን፣ አብዮቱ እነዚያን ዘግቷቸዋል። አዲሱ ትምህርት ቤት ከተማሪ ክፍያ አይቀበልም፤ ወጪው ሁሉ ከመንግሥት ካዝና ነው። እንግዲህ ገንዘቡን የሚከፍለው ሕዝብ ከሆነ፣ ገንዘቡ ምን እንዳፈራ ሕዝቡ ቀርቦ በጆሮው መመርመር አለበት የሚለው አስተሳሰብ ከዘመኑ መንፈስ የመነጨ ነበር። ሽልማቱን በአደባባይ በሥነ ሥርዓት መስጠት የተጀመረው ከምሥረታው ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1797 ነው።

ከፈተናው ጎን ለጎን ተማሪዎቹ ኦርኬስትራ መሥርተው «የሕዝብ ልምምድ» የሚባል ኮንሰርት ያቀርቡ ነበር፤ የፓሪስ ሰው የቤትሆቨንን ሲምፎኒዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው በታላላቆቹ ሙዚቀኞች እጅ ሳይሆን በእነዚህ ተማሪዎች እጅ ነው። ከመሪዎቻቸው አንዱ ፍራንስዋ አቤኔክ ራሱ በ1804 በቫዮሊን አንደኛ ሽልማት ያገኘ የቤቱ ልጅ ሲሆን፣ በ1828 ከመምህራኑና ከቀድሞ ተማሪዎች መርጦ ያቋቋመው የኮንሰርት ማኅበር በአውሮፓ ከሚታወቁት ኦርኬስትራዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የውድድሩ ውጤት በጋዜጣ ሲወጣ ከተማሪው ስም ቀጥሎ የመምህሩ ስም ይታተም ነበር። ክፍሉ በሦስት ተከታታይ ዓመታት ሽልማት ያጣ መምህር ምን ዓይነት ወሬ እንደሚከተለው መገመት አያዳግትም። ፈተና ይባል እንጂ፣ በዚያ መድረክ ላይ ተማሪው፣ መምህሩና ትምህርት ቤቱ ሦስቱም በአንድነት ይፈተኑ ነበር፤ ስለ እነዚህ ኮንሰርቶች የሚነሳውን ጥያቄ ሁሉ ለመመለስ ይህን መያዝ ይበቃል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ ይጫወቱ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ፣ አንድን ቁራጭ ለወራት ያጠና ልጅ ሙዚቃ ማወቁ በምን ይለያል? አዳማጩስ እንዴት ቻለው?

መልስ፦ እውነት ነው። በፓሪስ ለአንድ መሣሪያ አንድ ሥራ ይመረጣል፤ ተወዳዳሪው በሙሉ በተራው ያንኑ ይጫወታል። ለቫዮሊን ለረጅም ዓመታት የሚመረጡት የቫዮሊን ተጫዋቹና ደራሲው የቪዮቲና የእርሱን ፈለግ የተከተሉት የሮድና የክሮይትሰር ኮንቼርቶዎች ነበሩ። ለዳኛ ይህ አመቺ ነው፤ ሚዛኑ አንድ ስለሆነ ማን እንደቀለለ ወዲያው ይታያል። ለአዳማጩ ግን በሐምሌ ሙቀት፣ በታፈነ አዳራሽ፣ አንዱን ኮንቼርቶ ከጠዋት እስከ ማታ መስማት ምን ማለት እንደሆነ ከሄክቶር በርሊዮዝ የበለጠ የገለጸው የለም።

በርሊዮዝ ራሱ በኮንሰርቫቶሩ የተማረ፣ በኋላም የጋዜጣ ሐያሲ የነበረ ሰው ነው። በአንድ የቀልድ ታሪኩ ሠላሳ ያህል ተማሪዎች በአንድ ፒያኖ ላይ የመንደልሰንን የጂ ማይነር ኮንቼርቶ ተራ በተራ ይጫወታሉ። ፒያኖው ከታዋቂው ሠሪ ከኤራር ቤት የመጣ አዲስ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው ተማሪ ቁልፎቹ ከበዱኝ ብሎ ያማርራል፤ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ቁልፎቹ እየላሉ ይመጣሉ፤ ወደ መጨረሻው የመጡት ደግሞ በጣም ቀለለ ይላሉ። በመጨረሻ ፒያኖው ኮንቼርቶውን እንደ ዳዊት ደግሞት ኖሮ፣ ማንም ሳይነካው በራሱ መጫወት ይጀምራል፤ አላቆምም ይላል። ኤራር ተጠርቶ ይመጣል፤ አይሆንለትም። ጸበል ይረጩበታል፤ አሁንም አይሆንም። የቁልፍ ሰሌዳውን ነቅለው ግቢ ውስጥ ይጥሉታል፤ እዚያም ይጫወታል። በመጥረቢያ ሲፈልጡት ቁርጥራጩ ሁሉ ድንጋዩ ላይ እየዘለለ ይጨፍራል፤ ጸጥ ያለው እሳት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ቀልድ ነው፤ ነገር ግን ከፊት ወንበር ተቀምጦ ውድድሩን እስከ ፍጻሜው የሰማ ሰው ቀልድ መሆኑ ያስታውቃል።

ያጠና ልጅ ከሚያውቅ ልጅ በምን ይለያል ላሉት፣ አዘጋጆቹም ይህንኑ ስጋት ስለተረዱት ሁለተኛ ፈተና አክለውበት ነበር። ተማሪው የተዘጋጀበትን ሥራ ከጨረሰ በኋላ፣ አይቶት የማያውቀው፣ ብዙውን ጊዜም ለዚያው ቀን ተብሎ የተጻፈ አጭር ኖታ ይቀርብለትና እዚያው መድረክ ላይ አንብቦ ይጫወታል። የዚህ ፈተና እጅግ ዝነኛው ታሪክ የሴዛር ፍራንክ ነው። ፍራንክ በዛሬዋ ቤልጅየም፣ በሊዬዥ የተወለደ በመሆኑና ኮንሰርቫቶሩ በዚያን ጊዜ በልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር የውጭ አገር ሰው ስለማይቀበል፣ ልጁ እንዲገባ አባቱ የፈረንሳይ ዜግነት እስኪያገኝ መጠበቅ ነበረበት። በ1838 በፒያኖ ውድድር ሲቀርብ 15 ዓመቱ ነበር። የሁመልን የኤ ማይነር ኮንቼርቶ በሚገባ ተጫወተ። ከዚያ ያልታየው ኖታ ሲሰጠው እንደተጻፈ ማንበቡ አልበቃ ብሎት፣ ማንም ሳይጠይቀው ሙዚቃውን በሙሉ በሦስተኛ (ከዶ እስከ ሚ ባለው ርቀት) ያህል ወደታች አውርዶ አንዲት ድምፅ ሳይስት ተጫወተው። እያነበቡ መጫወት በራሱ የሚያስልብ ፈተና ሆኖ ሳለ፣ ዓይን የሚያየው ሌላ፣ ጣት የሚነካው ሌላ ሲሆን ምን እንደሚመስል ፒያኖ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል።

ዳኞቹ ተቸገሩ። ልጁ ያደረገው ከተጠየቀው የሚበልጥ ነው፤ ግን የተጠየቀውን አላደረገም። በዳይሬክተሩ በኬሩቢኒ የሚመራው ጉባኤ የመረጠው መንገድ፣ ከመደበኛው ደረጃ ውጭ «የክብር ታላቅ ሽልማት» የሚባል ለእርሱ ብቻ መስጠት ነበር። በ1841 በኦርጋን ውድድርም ሁለት ጭብጦች ተሰጥተውት፣ በአንደኛው ፉጋ (ድምፆች አንድን ጭብጥ እየተከታተሉ የሚቀባበሉበት ድርሰት)፣ በሌላኛው ሶናታ በየራሳቸው ወዲያው ፈጥሮ እንዲጫወት ሲጠየቅ፣ ሁለቱ ጭብጦች አብረው እንደሚሄዱ ስላስተዋለ አጣምሮ ረጅም ሥራ ሠራባቸው። ዳኞቹ በመጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም ነበር፤ መምህሩ ካስረዳቸው በኋላ ሁለተኛ ሽልማት ሰጡት። ልጁ ሕጉን ከማክበር ይልቅ ሙዚቃውን ማክበር የቀለለው ይመስላል።

የሥርዓቱ ክፉ ገጽ ደግሞ ይህ ነው። በተከታታይ ሦስት ዓመት በውድድር ሽልማት ያላገኘ ተማሪ ከክፍሉ ይሰናበታል። በኋላ ታላቅ ደራሲ የሆነው ሞሪስ ራቬል በ1895 በዚሁ ሕግ ተሰናብቷል። ሕጉ ጭካኔ ቢኖረውም ግልጽ ነበር ማለት ይቻላል፤ ማንም ለማንም ሹክ ብሎ ሊያስቀር አይችልም፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቷልና። ነገር ግን በሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ የተጫወቱት አሥር ደቂቃ የዓመቱን ድካም ሁሉ ይተካል ብሎ ማመን እኔን አሳምኖኝ አያውቅም።

ጥያቄ፦ በጀርመን የነበሩትም ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን እንዲሁ ያወዳድሩ ነበር? በተለይ ስለ ላይፕዚግ ቢነግሩን።

መልስ፦ ላይፕዚግ የተለየ ጠባይ ነበረው። ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው ፌሊክስ መንደልሰን ነው፤ ሃይንሪክ ብሉምነር የተባለ ሰው ላይፕዚግ ለምትገኝበት ለሳክሶኒ ንጉሥ በኑዛዜ የተወው 20,000 ታለር (የዘመኑ የጀርመን ገንዘብ) ለዚህ እንዲውል ንጉሡን ካስፈቀደ በኋላ በሚያዝያ 1843 ተከፈተ። ተማሪው በዓመት 80 ታለር ይከፍላል፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ራሱን ማሳየት ያለበት ለመንግሥት ሳይሆን፣ ልጁን ከኖርዌይ፣ ከእንግሊዝ ወይም ከአሜሪካ ለሚልክ ወላጅ ነበር።

ሽልማትና ተራ የሚባል ነገር አልነበረም። በየሳምንቱ ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ውስጥ እርስ በርሳቸውና ለመምህራኑ የሚጫወቱበት ምሽት ይዘጋጃል፤ ከዚያ በፋሲካ ሰሞን «ዋናው ፈተና» የተባለው ኮንሰርት በጌቫንድሃውስ አዳራሽ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ይቀርባል። ጌቫንድሃውስ ማለት የልብስ ነጋዴዎች ቤት ማለት ሲሆን፣ በ1781 የተከፈተው የኮንሰርት አዳራሽ ከላይኛው ፎቅ ላይ ነበር፤ የሚይዘው 500 ሰው ያህል ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱም እዚያው ግቢ ውስጥ ስለነበር ተማሪው ክረምቱን ሙሉ ታላላቆቹ ሲለማመዱ ከሰማበት አዳራሽ፣ በፋሲካ እርሱ ራሱ ይቆምበታል። እንደ ተወዳዳሪ ሳይሆን እንደ ሙዚቀኛ የሚቆም በመሆኑም እያንዳንዱ የየራሱን ሥራ ይጫወት ነበር፤ የጻፈም የጻፈውን ያቀርባል።

በሁለት ተከታታይ ዓመታት የሆነውን ብቻ ልጥቀስ። በሚያዝያ 1861 እንግሊዛዊው አርተር ሱሊቫን ለሼክስፒር «ቴምፔስት» የጻፈው ሙዚቃ የመመረቂያ ሥራው ሆኖ በዚያ አዳራሽ ቀረበ፤ ያንኑ ሥራ አስፋፍቶ በዓመቱ በለንደን ክሪስታል ፓላስ ሲያሰማ ስሙ በአንድ ሌሊት ገነነ። በ1862 ደግሞ ኖርዌጂያዊው ኤድቫርድ ግሪግ ዛሬ «ኦፐስ 1» (ሥራ ቁጥር 1) ተብለው ከሚታወቁት አራት የፒያኖ ሥራዎቹ ሦስቱን ራሱ ተጫወተ። ሁለቱም 18 ዓመታቸው ነበር። የሚገርመው ግሪግ በኋላ ዘመኑ ስለ ላይፕዚግ ትምህርት መልካም ነገር አውርቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ድርቅናው አስመርሮት ነበር። ቢሆንም ይህ ቅሬታ ያለበት ልጅ በዚያ መድረክ ላይ የራሱን ድርሰት እንዲጫወት የፈቀዱለት እነዚያው ደረቆች መምህራን ናቸው።

ጥያቄ፦ በዚያ መድረክ ላይ የወደቁ፣ ወይም ፈርተው የቀሩ አልነበሩም? እኔ ራሴ በሕዝብ ፊት ስጫወት እጄ ይንቀጠቀጣልና ነው የምጠይቀው።

መልስ፦ አይዞዎት፣ የእርስዎ ጓደኛ ቻይኮቭስኪ ነው። የሴንት ፒተርስበርግ ኮንሰርቫቶር በ1862 በፒያኖ ተጫዋቹ በአንቶን ሩቢንስታይን አማካይነት ሲከፈት፣ ፒዮትር ቻይኮቭስኪ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነ፤ ከዚያ በፊት የፍትሕ ሚኒስቴር ጸሐፊ ነበር። ለመመረቂያ የታዘዘው ሥራ በጀርመናዊው ገጣሚ በሺለር «የደስታ መዝሙር» ላይ ካንታታ (ዘፋኞችና ኦርኬስትራ የሚያቀርቡት ድርሰት) እንዲጽፍ ነበር፤ ቤትሆቨን በዘጠነኛው ሲምፎኒው የተጠቀመበት ግጥም ስለሆነ፣ ለ25 ዓመት ጀማሪ የተሰጠው ሸክም ቀላል አይደለም። ካንታታው በ1866 መጀመሪያ (በሩሲያ የድሮ አቆጣጠር በ1865 መጨረሻ) ሲቀርብ ደራሲው በአዳራሹ አልነበረም። ከኮንሰርቱ በፊት በሕዝብ ፊት የቃል ፈተና ስለነበረ፣ እርሱን ፈርቶ ቀርቷል። ሩቢንስታይን በጣም ተቆጣ፤ ዲፕሎማውን ሊከለክለው አስቦ ነበር። በመጨረሻ ግን የብር ሜዳሊያ ተሰጠው። የሙዚቃ ደራሲና ሐያሲ የነበረው ሴዛር ኩይ ደግሞ ካንታታውን በጋዜጣ አብጠልጥሎ፣ ጸሐፊው ፈጽሞ ደካማ ነው ሲል ፈረደበት።

ሩቢንስታይን ፈተናውን እንዲህ ያከበረበትን ምክንያት ካላወቅን ቁጣው ከልክ ያለፈ ይመስለናል። በዚያ ጊዜ በሩሲያ ሠዓሊ ሕጋዊ ማዕረግ ሲኖረው ሙዚቀኛ አልነበረውም። እርሱ ራሱ እንደተረከው፣ በአውሮፓ ሁሉ ስሙ ከታወቀ በኋላ ለኑዛዜ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ አርቲስት ነኝ ይላል። መዝጋቢው በቲያትር ቤት ተቀጥሮ እንደሆነ፣ በመንግሥት ተቋም ያስተምር እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ አይደለሁም ሲል ምን ብሎ እንደሚጽፈው ይጨንቀዋል። በመጨረሻ የአባቱ ሥራ ተጠይቆ የነጋዴ ልጅ ተብሎ ተመዘገበ። ኮንሰርቫቶሩ ለተመራቂው የሚሰጠው «ነፃ አርቲስት» የተባለ ማዕረግ ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጣ ነው። እንግዲህ ያን ማዕረግ በአደባባይ ሳይፈተኑ መውሰድ፣ ለሩቢንስታይን የታገለለትን ነገር ማቃለል ነበር።

መውደቅን በተመለከተ ግን ከሃንስ ሮት የባሰ የለም። በ1878 በቪየና ኮንሰርቫቶር የድርሰት ውድድር የ19 ዓመቱ ሮት የሲምፎኒውን የመጀመሪያ ክፍል አቀረበ። ዳኞቹ ሳቁበት። የኦርጋን መምህሩ አንቶን ብሩክነር ተነሥቶ፣ አትሳቁ፣ ከዚህ ሰው ገና ታላላቅ ነገር ትሰማላችሁ ብሎ ተከራከረለት፤ አልሰሙትም፤ ሮት ያለ ሽልማት ቀረ። በዚያው ዓመት ተሸላሚ ከነበሩት መካከል የክፍል ጓደኛው ጉስታፍ ማህለር ይገኝበታል። ሮት ሲምፎኒውን ጨረሰው፤ የሚጫወትለት ግን ሳያገኝ በ25 ዓመቱ በ1884 በአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ውስጥ አረፈ። ሥራው ሙሉ በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በ1989 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ነው። ያዳመጡት ሁሉ የማህለርን ሲምፎኒዎች አስታወሳቸው፤ የተጻፈው ግን ማህለር የመጀመሪያ ሲምፎኒውን ከመጨረሱ በፊት ነው።

ጥያቄ፦ ሴቶች ልጆችስ ይፈተኑ ነበር?

መልስ፦ ይፈተኑ ነበር፤ ግን እንደየቦታው ነው። በፓሪስ የፒያኖ ክፍሎች የወንድና የሴት ተብለው የተለዩ ስለነበሩ ውድድሩም ተለያይቶ ይካሄድ ነበር። ሉዊዝ ፋሬንክ ከ1842 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል የሴቶችን ክፍል አስተምራለች፤ የገዛ ልጇ ቪክቶሪን በ1844 አንደኛ ሽልማት አግኝታለች። ላይፕዚግ ከመጀመሪያው ሴቶችን ተቀብሏል፤ ሆኖም የንድፈ ሐሳብ ትምህርት ለወንዶች ሦስት ዓመት ሲሆን፣ ለሴቶች በሁለት ዓመት የሚያልቅ አጠር ያለ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ለመድረክ ፈቅደው ለድርሰት የነፈጉበት ምክንያት በዘመኑ አስተሳሰብ ይገለጽ እንጂ ማስተባበያ አይሆንም።

በኔፕልስ ደግሞ ተቃራኒው ያስቃል። ቪንቼንዞ ቤሊኒ በ1825 የመመረቂያ ኦፔራውን በኮንሰርቫቶሩ ትንሽ ቲያትር ሲያቀርብ ዘፋኞቹ በሙሉ ወንዶች ተማሪዎች ስለነበሩ፣ የሴቶቹንም ገጸ ባሕርያት የዘፈኑት እነርሱ ናቸው። ኦፔራው በጣም ስለተወደደ በየእሑዱ ይደገም ነበር፤ ቤሊኒም በዚሁ ምክንያት ለታላቁ ለሳን ካርሎ ቲያትር እንዲጽፍ ታዝዞ በ1826 ሥራው እዚያ ታየ።

ጥያቄ፦ ለፈተና ተብሎ የተጻፈ ሙዚቃ ፈተናው ሲያልፍ አብሮ የሚያልፍ ይመስለኛል። ዛሬ የሚሰማ ነገር ተርፏል?

መልስ፦ አብዛኛው አልፏል፤ ሁሉም ግን አይደለም። ጃኮሞ ፑቺኒ ከሚላኖ ኮንሰርቫቶር ሲመረቅ የጻፈው «ካፕሪቾ ሲንፎኒኮ» በሐምሌ 1883 በተማሪዎቹ ኦርኬስትራ፣ በፍራንኮ ፋቾ መሪነት ቀርቦ ነበር። ፑቺኒ የጻፈውን ነገር በከንቱ የሚጥል ሰው አልነበረም፤ በ1896 «ላ ቦኤም»ን ሲያቀርብ መጋረጃው የሚከፈትበትን ሙዚቃ የወሰደው ከዚያው ከፈተና ሥራው ነው። ኦፔራውን የሰማ ሁሉ ሳያውቀው የአንድን ተማሪ የፈተና ወረቀት ሰምቷል።

ዋሽንት ለሚጫወቱ አንባቢዎች ደግሞ ፓሪስ ታላቅ ስጦታ ትታላቸዋለች። ፖል ታፋኔል በ1893 በኮንሰርቫቶሩ የፍሉት (የምዕራባውያን ዋሽንት) መምህር ከሆነ በኋላ፣ ያረጀውን የውድድር ሥራ ትቶ ለዘመኑ ደራሲዎች አዲስ ማስጻፍ ጀመረ። ለ1898 ውድድር የጠየቀው ገብርኤል ፎሬን ነበር። ፎሬ ሥራ በዝቶበት እያቅማማ ቢሆንም ሁለት ነገር ጻፈ፤ አንደኛው ተማሪዎቹ ተዘጋጅተው የሚያቀርቡት «ፋንታዚ» ሲሆን ዛሬ የፍሉት ተጫዋች ሁሉ ያጠናዋል። ሁለተኛው በመድረክ ላይ አይተው ወዲያው እንዲያነቡት የተዘጋጀ አጭር ዜማ ነበር። ማንም አስቀድሞ እንዳያየውና ከዚያ ቀን በኋላም እንዳያስፈልግ ሆኖ የተጻፈው ያ አንድ ገጽ፣ ታትሞ አሁን ጀማሪዎች ቀስ ብለው፣ እየደጋገሙ ይማሩበታል።